ስለ ሆድ ሕመምና ስለ ሰዓቱ ነጥብ

ከጨጓራ ቀጥሎ ያለው አንጀት በቍስል ሲበሳ ሞት ቅርብ ነው። በሆንግ ኮንግ ዶክተር ጆን ቦይና ባልደረቦቹ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1987 ዓ.ም. ባወጡት ምርመራ በሽተኛው በሦስት ነገር ነጥብ ይያዝበታል፤ ይኸውም ሌላ ጽኑ ሕመም ቢኖርበት፥ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የደሙ ግፊት ቢወድቅ፥ ከተበሳም 24 ሰዓት ቢያልፈው ነው። ነጥብ ከሌለባቸው የሞተ አልነበረም፤ አንድ ካለባቸው ከመቶ 10፥ ሁለት ካለባቸው 45 ተኩል፥ ሦስት ካለባቸው ሁሉም ሞቱ።

ታዲያ ሦስት ነጥብ ያለበት ይተው ማለት ነውን? አይደለም፤ በኋላ በተደረጉት ምርመራዎች እንዲህ ካሉት የዳኑ ታይተዋል። ነጥቡ ሐኪሙን ማንን አብልጦ እንደሚጠብቅ ያሳየዋል። ከሦስቱ ዘመድ ሊከለክለው የሚችለው የሰዓቱን ነው፤ ሆዱ በድንገት ተወግቶ እንደ ሳንቃ የደረቀ በሽተኛ እስኪነጋ አይቈይም።