የአርበኛ አያትን በእንግሊዝ ጦር መዝገብ ስለ መፈለግ

አያቱ በአርበኝነት የዘመተለት የደጀን ሰው የዘሩን ታሪክ ሊጽፍ ሲነሣ፥ ብዙ ጊዜ ከቤተ ሰቡ ቃል በቀር ምስክር አያገኝም። ነገር ግን ኮሎኔል ሳንድፎርድ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ጎጃም ከገቡ ወዲህ፥ ኋላም ኦርድ ውንጌት ጦር እየመሩ ሲመጡ፥ የእንግሊዝ መኰንኖች ውሏቸውን በመዝገብ ይጽፉ ነበር። የጦር ሚኒስቴራቸው መዛግብት ዛሬ በለንደን፥ ኪው በሚባለው ሰፈር፥ በብሔራዊ መዝገብ ቤት ተቀምጠዋል፤ የአንባቢነት ፈቃድ ያወጣ ሰው ሁሉ ይመለከታቸዋል።

ፈላጊው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። እንዲህ ያለ መዝገብ በስም የሚያነሣው የራሱን መኰንኖችና የእኛን ታላላቅ አለቆች ነው፤ ጭፍራውን በቍጥር ያልፈዋል። ስለዚህ በአያት ስም ከመጀመር፥ የማን ጭፍራ እንደ ነበረና በየትኛው ወንዝ እንደ ተዋጋ መጠየቅ ይሻላል። ሽማግሌው «የአባ ኮስትር ሰው ነበር» ቢሉ፥ በፈረስ ስማቸው ደጃዝማች በላይ ዘለቀን ማለታቸው ነው። እንግሊዞች ለ«ቀ» ትክክለኛ ፊደል ስለሌላቸው፥ ይህን ስም በአንድ አጻጻፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ዘመኑም መመለስ አለበት። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡበት መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. በእነርሱ ኤፕሪል 6 ቀን 1941 ነው። የኢጣልያ ጦር ደብረ ማርቆስን ለቅቆ በደጀን በኩል ወደ ዓባይ የሸሸው በዚያው ሰሞን ነውና፥ የደጀን ሰው ከእነዚያ ቀናት ገጾች ይጀምር።

የአለቃውን ስም የሚያውቁት አሮጊት ግን ኪው አይገኙም፤ እርሳቸውን በዚህ ክረምት መጠየቅ ይቀድማል።