የወል መሬትን በመጠበቅ ረገድ የምክር ቤት አባል የመሪነት ሚና

በኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በመሆኑም የወል የግጦሽ ወይም የደን መሬት በሕገ ወጥ መንገድ ሲታጠር የሚጎዳው መላው የአካባቢው ነዋሪ ነው።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል አጥር እንዲነሣ የማዘዝ ሥልጣን የለውም። የመሪነት ሚናው በመሬት አጠቃቀምና ጥበቃ ሕግ ላይ በመምከርና ድምፅ በመስጠት፣ የፌዴራል ባለሥልጣናት በምክር ቤቱ ሲጠየቁ የመራጩን አቤቱታ በማንሣት ይገለጻል።

መሬትን በሕግ መሠረት የሚያስተዳድሩት ክልሎች በመሆናቸው፣ ባለጉዳዮች አቤቱታቸውን በቅድሚያ ለአካባቢያቸው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማቅረብ፣ ቅጂውንም ለተወካያቸው ማድረስ ይችላሉ። በአንቀጽ 54 እንደተደነገገው፣ የመራጩን አመኔታ ያጣ ተወካይ በሕግ መሠረት ከአባልነቱ ይወገዳል።