ሰባራውን የሚያቃና መሐረብ፤ ምትሃት ለጀማሪዎች

በአንድ ወቅት ሞጣ ላይ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር ስንወያይ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ የአንድ ብር ሳንቲም መዳፉ ውስጥ አጥፍቶ ከጓደኛው ጆሮ ጀርባ አወጣልን። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ ግን "ይሄ አስማት ነው፣ እኔ እዚህ አልቀመጥም" ብላ ተነስታ ወጣች። ልጁ ክው አለ። ከዚያን ቀን በኋላ ሳንቲሙን ከኪሱ እንዳላወጣ ሰማሁ።

ለመሆኑ አስማትና ምትሃት አንድ ናቸው? አይደሉም። አስማት የሚባለው ከመንፈስ ጋር የተያያዘ እምነት ሲሆን እዚህ የምናወራው ምትሃት ግን የእጅና የዓይን ጨዋታ ነው። ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ሊማረው ይችላል። ይህን ማምታታት የጀመረው የእኛ አገር ሰው ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ሬጂናልድ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1584 ባሳተመው መጽሐፍ የእጅ ጨዋታዎች እንዴት እንደሚሠሩ አንድ በአንድ ገልጧል። ይህን ያደረገውም ምስኪኖች "ጠንቋይ ናችሁ" እየተባሉ በሐሰት እንዳይከሰሱ ብሎ ነው። በአገራችንም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአርባ ዓመታት ያህል ልጆችን ያጫወቱትና በ2009 ዓ.ም ያረፉት አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሳህሉ) ከተዋናይነታቸው ጎን ለጎን ምትሃት ያሳዩ ነበር። እሳቸውን ማን ነው ጠንቋይ ያላቸው?

እሺ፣ ወደ ሥራው እንግባ። ለጀማሪ የምመክረው የክብሪቱን ነው። ጠርዙ የተቀመቀመ መሐረብ ፈልጉ። ማንም ሳያያችሁ አንድ የክብሪት እንጨት፣ ራሱን አራግፋችሁ፣ በማዕዘኑ በኩል ቅምቅማቱ ውስጥ አስገቡ። ሰው ፊት ስትቀርቡ መሐረቡን ዘርጉና ሌላ ክብሪት መሐሉ ላይ አድርጉ። ከዚያ ማዕዘኖቹን ወደ መሐል እጠፉ፤ የተደበቀው ክብሪት ያለበት ማዕዘን ከላይ ይሁን። አሁን ጓደኛችሁ በጨርቁ ላይ እንዲዳስስ የምትሰጡት የተደበቀውን ነው። "ስበረው" በሉት። ቀጭ ሲል ሁሉም ይሰማል። መሐረቡን ስታራግፉ ግን ደህናው ክብሪት ዱብ ይላል። ስባሪው ቅምቅማቱ ውስጥ ነውና መሐረቡን ቶሎ ወደ ኪስ መክተት አትርሱ!

ዝም ብሎ መሥራት ግን አይበቃም፤ ወሬ ያስፈልጋል። የእኛ አካባቢ ልጅ ደግሞ ወሬ አያጣም። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወርዱ የሚገኘው፣ በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ሰባራ ድልድይ አለ አይደል? በጣልያን ወረራ ጊዜ ቅስቱ ፈርሶ ሰዉ ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተሳበ ከጎጃም ወደ በጌምድር ይሻገር ነበር። "ይህ ክብሪት ያ ድልድይ ነው" ብላችሁ ጀምሩ። ጓደኛችሁ ሲሰብረው "ኧረ ምን አደረግህ! ነገ ገበያተኛው በምን ይሻገር?" በሉት። ተመልካች በሳቀባት ቅጽበት እጃችሁን አያይም።

የሳንቲሙም ምስጢር ይኸው ነው። ሳንቲሙን በቀኝ ጣቶቻችሁ ይዛችሁ ወደ ግራ መዳፍ ያስገባችሁ አስመስሉ፤ በእርግጥ ግን በታጠፉት የቀኝ ጣቶች ውስጥ ይቀራል። ግራችሁን ጨብጡ፣ ዓይናችሁንም ግራው ላይ ትከሉ። ሰው ሌላው ሰው ወደሚያይበት ያያልና ቀኝ እጃችሁን ማንም አይከታተላትም። ብዙ ጀማሪዎች የሚያዙት እጃቸው ቀርፋፋ ሆኖ ሳይሆን ሳንቲሙ ያለበትን እጅ ሰረቅ አድርገው ስለሚያዩ ነው። እኔም አንድ ሳምንት ሙሉ መስታወት ፊት ቆሜ የታገልኩት ከዚሁ ዓይኔ ጋር ነበር። ደግሞ አንዱን ጨዋታ ለአንድ ሰው ሁለቴ አታሳዩ፤ በሁለተኛው የት እንደሚያይ ያውቃል።

ይህ ዕውቀት ከጨዋታ ያለፈ ጥቅም አለው። በሥራዬ ያገኘሁት አንድ አባወራ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ነበር። አንድ ሰው "በሽታውን መጥጬ አወጣዋለሁ" ብሎት በሬውን ሸጦ ከፈለ። ሰውዬው ከንፈሩን ሆዱ ላይ አድርጎ መጠጠና ደም የነካው ጠጠር ከአፉ አወጣ። አባወራው ድኛለሁ ብሎ የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒቱን አቆመ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይራባልና በአምስተኛው ወር ሰዎች ደግፈውት ጤና ጣቢያ መጣ። አሁን መድኃኒቱን ጀምሯል፤ በሬው ግን አልተመለሰም። ጠጠሯ ከመጀመሪያውም በሰውዬው ጉንጭ ውስጥ ነበረች። ልክ እንደ ክብሪቷ ማለት ነው።

ለዚህ ነው ያ ልጅ ሳንቲሙን እንዲያወጣ የመከርኩት። በሚቀጥለው ስብሰባ ያቺ ተማሪ ከፊት ተቀምጣ ነበር። አዘጋገሙን ቀስ አድርጎ አሳያት፤ ሦስቴ ሞክራ ሳንቲሙ ከጣቷ ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀ። "ቆይ፣ አትንገረኝ" አለችና ጎንበስ ብላ አነሳችው።