ቁጥሩ እንደወረደ ይድረስ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጓደኛዬ አዲስ የገዛውን ዳክ በኪሱ ይዞ ቤቴ መጣ። ከክብሪት ሳጥን ትንሽ ተለቅ ያለች ጥቁር ብረት ናት። በአንድ በኩል የዩኤስቢ ገመድ ይገባባታል፣ በሌላ በኩል ሄድፎን ይሰካባታል፣ ፊቷ ላይ ደግሞ ቁጥር የምታሳይ ትንሽ መስኮት አለቻት። «ያን ሁሉ ብር አውጥቼ ምንም ለውጥ የለውም እኮ» አለኝ ገና ሳይቀመጥ። ላፕቶፑ ላይ ሰካናትና የአስናቀች ወርቁን ክራር ከፈትን። ጆሮዬ ገና ሳይሰማ ዓይኔ መስኮቷ ላይ አረፈ። 48 ትላለች።

ዘፈኑ የተገለበጠው ከሲዲ ነው። የሙዚቃ አዘጋጁ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ፓሪስ ከሚገኘው ቡዳ ሙዚክ ከተባለ አሳታሚ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ካወጣቸው የኢትዮፒክስ ሲዲዎች 16ኛው የአስናቀች ነው። የሲዲ ቁጥር ደግሞ ምንጊዜም 44.1 እንጂ 48 ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ በፋይሉና በሳጥኗ መካከል ቁጥሩን የነካ አለ ማለት ነው። ማን እንደነካው፣ ለምን እንደነካውና እጁን እንዴት እንደምናስነሳው ልንገራችሁ፤ ይህን ነገር ካወቅሁት ጀምሮ ለሰው ሳልነግር መዋል አልቻልኩም።

መጀመሪያ ዳክ ምንድን ነው? ሙሉ ስሙ ዲጂታል ቱ አናሎግ ኮንቨርተር ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ዘፈን የቁጥር ሰልፍ ነው፤ ስፒከርና ሄድፎን ግን ቁጥር አያነቡም፣ የሚንቀሳቀሱት ከፍ ዝቅ በሚል የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። ቁጥሩን ወደ ሞገድ የሚለውጠው ዳክ ነው። ሳትገዙትም አላችሁ፦ ስልካችሁ ውስጥ አለ፣ ላፕቶፑ ውስጥ አለ፣ ያቺ የአፕል አጭር ነጭ የኢርፎን አዳፕተር እንኳ በውስጧ ዳክ አላት።

ታዲያ ውጭ ያለ ለምን ያስፈልጋል? ኮምፒውተር ውስጡ የኤሌክትሪክ ገበያ ስለሆነ ነው። ፕሮሰሰሩ፣ ማራገቢያው፣ ዲስኩ፣ ስክሪኑ፣ ሁሉም ኃይል እየሳበ በዙሪያው ይረብሻል። ሄድፎናችሁን በኮምፒውተሩ የራሱ ቀዳዳ ሰክታችሁ፣ ምንም ሳትከፍቱ፣ ማውሱን ስታንቀሳቅሱ «ጭርር» የሚል ነገር ሰምታችሁ ከሆነ ያ ሁካታ ሞገዱ ውስጥ ሲገባ ነው የሰማችሁት። ውጭ ያለው ዳክ ሥራውን ከዚያ ግርግር አውጥቶ ጸጥ ባለ ቦታ ይሠራል። በዩኤስቢ ገመዱ ዘፈኑ የሚሄደው በቁጥር መልክ ነው፤ ቁጥር ደግሞ እንደ ሞገድ በቀላሉ አይቆሽሽም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ዘፈን ሲቀዳ ሞገዱ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይለካል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ የሚገኘው ቁጥር ናሙና ይባላል፣ በሰከንድ የሚወሰደው የናሙና ብዛት ደግሞ ልኬት። ሲዲ በሰከንድ 44,100 ናሙና ይወስዳል፤ መስኮቷ ይህን በሺህ ቆጥራ 44.1 ትለዋለች። እያንዳንዱ ናሙና በ16 ቢት ይጻፋል፣ ማለትም ከ65,536 ደረጃዎች አንዱን ይይዛል። የግራና የቀኙን አንድ ላይ ስትቆጥሩ የአንድ ደቂቃ ዘፈን 5,292,000 ቁጥር ነው።

44,100 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ሳነብ ሌሊት ተነስቼ ለሰው መደወል ነበር ያማረኝ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህን ያህል ቁጥር ሊሸከም የሚችል በእጅ ያለ ዕቃ የቪዲዮ ቴፕ ነበር። መሐንዲሶቹ ቁጥሮቹን ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ አድርገው፣ የቴሌቪዥን ምስል አስመስለው ቴፑ ላይ ይጽፏቸው ነበር። በአሜሪካና በጃፓን የቴሌቪዥን ሥርዓት በሰከንድ 60 የምስል መስክ ያልፍ ነበር፤ በእያንዳንዱ መስክ 245 መስመር ለዚህ ሥራ ይውል ነበር፤ በእያንዳንዱ መስመር 3 ናሙና ይጻፍ ነበር። አባዟቸው፦ 60 በ245 በ3፣ 44,100። በአውሮፓው ሥርዓትም 50 በ294 በ3 ስታባዙ እዚያው ትደርሳላችሁ። ሶኒና ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1980 የሲዲን ደንብ ሲጽፉ ይህንኑ ቁጥር ይዘው ቀሩ፤ የመጀመሪያው ማጫወቻም በ1982 ጃፓን ውስጥ ገበያ ወጣ። በሌላ ወገን የፊልምና የቪዲዮ ሰዎች 48,000ን መረጡ። ዓለም በሁለት ልኬት ተከፍላ የቀረችው እንዲህ ነው፤ የጓደኛዬ መስኮት ላይ 48 የመጣውም የዚያ መዘዝ ነው።

አሁን ኮምፒውተራችሁ ዊንዶውስ ከሆነ ይህን አስቡት። ዘፈን ከፍታችኋል፣ ቴሌግራም መልእክት ሲገባ «ቲንግ» ይላል፣ ብራውዘሩ ውስጥ ደግሞ ቪዲዮ ተከፍቷል። ሦስቱም በአንድ ዳክ ነው የሚወጡት፣ ዳኩ ግን በአንድ ጊዜ በአንድ ልኬት ብቻ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ዊንዶውስ መሃል ላይ ይቆምና ሁሉንም ወደ አንድ ልኬት ለውጦ፣ ደማምሮ፣ አንድ አድርጎ ይልካል። ብዙ ጊዜ ያ ልኬት 48,000 ነው። በክፋት የሚያደርገው አይደለም፤ ባይኖር ቴሌግራሙና ዘፈኑ አብረው አይሰሙም ነበር። ችግሩ 44,100ን ወደ 48,000 መለወጥ ንጹህ ክፍፍል የሌለው መሆኑ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ብታቃልሏቸው 147 ለ160 ይመጣል፦ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ 147 እውነተኛ ናሙና 160 አዲስ ናሙና አስልቶ ይፈጥራል። ከነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ ስቱዲዮ ውስጥ ማንም ያልለካቸው ቁጥሮች ናቸው።

ይህ በጆሮ ይሰማል ወይ? የዛሬ ስሌት ጎበዝ ነው፤ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ በጣም ትንሽ ነው፣ ይህን ሳልነግራችሁ ብቀር ጓደኝነት አይሆንም። ግን ገንዘብ ከፍላችሁ ቁጥርን በጥራት የሚለውጥ ዕቃ ካመጣችሁ፣ የሚደርሰው ቁጥር ሠሪዎቹ የጻፉት እንዲሆን ማድረግ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ለምን ይቅር?

ዊንዶውስ 11 ላይ እንዲህ ነው። ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ ሳውንድ ግቡ። ወደ ታች ስትወርዱ «ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ» የሚል አለ፤ የድሮውን ትንሽ መስኮት ይከፍትላችኋል። «ፕሌይባክ» ሥር የዳካችሁን ስም ሁለቴ ተጫኑና ከላይ «አድቫንስድ» የሚለውን ምረጡ። እዚያ የልኬት ዝርዝር ታገኛላችሁ። የምታዳምጡት በአብዛኛው ከሲዲ የተገለበጠ ሙዚቃ ከሆነ 24 ቢት 44,100 አድርጉት። ውሏችሁ ዩቲዩብና ፊልም ከሆነ ግን 48,000 ላይ ተዉት፤ የዩቲዩብ ድምፅ በብዛት በዚያ ልኬት ነው የሚመጣው፣ ነክታችሁ ብታወርዱት እናንተው ናችሁ የምታዛቡት።

ሲዲው 16 ቢት ሆኖ ሳለ 24 ለምን አልኩ? በቮልዩም ምክንያት ነው። ቮልዩሙን በኮምፒውተሩ ስትቀንሱ ቁጥሮቹ ራሳቸው እየተካፈሉ ነው የሚያንሱት፤ በየ6 ዴሲቤሉ አንድ ቢት ታጣላችሁ። በ16 ቢት ከሆነ የሚቀነሰው ከራሱ ከዘፈኑ ነው። በ24 ቢት ግን ከታች 8 ባዶ ቢት ስላለ 48 ዴሲቤል ያህል ብትቀንሱ እንኳ የዘፈኑ 16 ቢት አይነካም። ዳኩ የራሱ የቮልዩም ቁልፍ ካለው ደግሞ የኮምፒውተሩን 100 ላይ አድርጋችሁ በእሱ ብቻ ቀንሱ።

ዝርዝሩን ስትከፍቱ 192,000 እና 384,000 የሚሉ ቁጥሮች፣ አንዳንዶቹ አጠገባቸው «ስቱዲዮ ኳሊቲ» ተጽፎ፣ ዓይናችሁን ይስባሉ። ጓደኛዬም ሊጫናቸው ሲል እጁን ያዝኩት። የሒሳብ ሊቁ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ አንድን ሞገድ ሙሉ በሙሉ መልሶ ለመሥራት የሚያስፈልገው ከከፍተኛው ድግግሞሹ እጥፍ የሚበልጥ ናሙና ነው። የሰው ጆሮ ቢበዛ 20,000 ኸርዝ አካባቢ ድረስ ይሰማል፤ እጥፉ 40,000 ነው፣ ሲዲ ደግሞ 44,100 ይዞ ተረፍ አድርጎ አልፎታል። የሲዲን ዘፈን 384,000 ላይ ማጫወት አዲስ ነገር አይጨምርበትም፤ ኮምፒውተሩን ብዙ የፈጠራ ቁጥር ማስጻፍ ብቻ ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ታወሰኝና «ኦዲዮ ኢንሃንስመንትስ» ወደሚለው ገባን። ያገኘሁትን ሳይ ጓደኛዬ ለምን ለውጥ እንዳልሰማ ገባኝ። ለውጥ ፍለጋ ያገኘውን ሁሉ ሲያበራ ከርሟል፤ «ላውድነስ ኢኳላይዜሽን» የሚባለውም በርቷል። ይህ ነገር ዝቅ ያለውን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፣ ከፍ ያለውን ያወርዳል፣ ሁሉንም እኩል ያደርጋል። ለሌሊት ፊልም ይጠቅም ይሆናል። ለክራር ግን ምን ያደርገዋል? አስናቀች አንዷን ጅማት ስትመታ ድምፁ መጀመሪያ ሹል ሆኖ ይወጣል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ መጨረሻው ላይ ክፍሉ ውስጥ ያለውን አየር ብቻ እስክትሰሙ ድረስ ይጠፋል። ላውድነስ ኢኳላይዜሽን ግን ድምፁ ሲጠፋ እየደገፈ ያነሳዋል። ጅማቱ መሞት እያለበት ይንጠለጠላል። ድምጿ ሲገባ ደግሞ ክራሩ ተገፍቶ ይወርዳል። አጠፋነው፣ ያንኑ ቦታ ደገምነው። ጓደኛዬ ሄድፎኑን በሁለት እጁ ጫን አድርጎ ያዘና ዝም አለ።

አሁን የቀረው መሃል ላይ የቆመውን ደባላቂ ጭራሽ ማለፍ ነው። የልኬቱን ዝርዝር ባገኘንበት «አድቫንስድ» ሥር አንድ ፕሮግራም ዳኩን ለብቻው እንዲይዝ የሚፈቅዱ ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ ምልክት ይኑራቸው። ከዚያ ይህን የሚችል ማጫወቻ ያስፈልጋል። እኛ የተጠቀምነው በነጻ የሚገኘውን ፉባር 2000 ነው፦ ፋይል፣ ፕሪፈረንስስ፣ ፕሌይባክ፣ አውትፑት ገብታችሁ የዳኩን ስም «ኤክስክሉሲቭ» ከሚለው ቃል ጋር ምረጡ። ከዚህ በኋላ ማጫወቻው ዳኩን በፋይሉ ልኬት ያስነሳውና ቁጥሩን ሳይነካ ያስረክበዋል።

ከመጫናችሁ በፊት ግን ሄድፎኑን ከጆሯችሁ አውርዱ። በዚህ መንገድ ሲሄድ የዊንዶውስ ቮልዩም ላይታዘዝ ይችላል፤ ዘፈኑ በሙሉ ኃይሉ ሊፈነዳ ይችላል። መጀመሪያ የዳኩን ቁልፍ ወደ ታች፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ። ዘፈኑ እየሄደ ሳለ የቴሌግራም «ቲንግ» አይሰማም፣ ዩቲዩብም ድምፅ አልባ ይሆናል። ሳጥኗ በዚያ ሰዓት የዘፈኑ ብቻ ናት፤ ለእኔ ይህ ራሱ ደስታ ነው።

ማክ ያላችሁ «ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ዩቲሊቲስ ፎልደር ውስጥ ታገኛላችሁ፤ ዳኩን በግራ መርጣችሁ «ፎርማት» ላይ ልኬቱን ታስተካክላላችሁ። ሊኑክስ ላይ ድምፁን የሚያስተዳድረው ፓይፕዋየር ሳይነኩት 48,000 ላይ ነው የሚቆመው፤ በሚፈቀዱት ልኬቶች ዝርዝር ውስጥ 44,100ን ብትጨምሩለት እንደ ዘፈኑ ይቀያየራል። የቆየ ዊንዶውስ የያዘ ሰው ደግሞ ዳኩ ጭራሽ ካልታየው አይደንግጥ፤ ዊንዶውስ ሁለተኛውን የዩኤስቢ ድምፅ ደንብ በራሱ ማወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፣ ከዚያ በፊት የነበረው ከአምራቹ ድራይቨር ይፈልጋል።

ወደ ቅዳሜያችን ስመለስ፣ ፉባሩን አስተካክለን አስናቀችን እንደገና ከፈትን። ከሳጥኗ ውስጥ «ቀጭ» የምትል ቀጭን ድምፅ ተሰማችና መስኮቷ ላይ 44.1 መጣ። ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ አያት። ከዚያ ከአንድ የሠርግ ቪዲዮ ያወጣውን የማሲንቆ ድምፅ ፈልጎ ከፈተ። «ቀጭ»፣ 48። ይኸኛው ሲቀዳም 48 ነበር። ወደ ክራሩ መለሰው፣ «ቀጭ»፣ 44.1። ቡናው እስኪቀዳ ድረስ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ መስኮቷን ሲያይ ቆየ።