ነጭ ዓሣና ግድቦቹ

የጣና ዓሣ አጥማጆች ለገበያ የሚያቀርቡት በዋናነት ሦስት ዓይነት ዓሣ ነው፦ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ቀረሶና አምባዛ በሌሎች የአፍሪካ ውሃዎችም አሉ። ነጭ ዓሣ ግን የአንድ ዓሣ ስም አይደለም፤ በዚህ ስም የሚጠሩት 15 ያህል የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ሊቃውንት ሌቢዮባርበስ ይሏቸዋል፤ አብዛኞቹም ከጣና ውጭ የትም አይገኙም። ከመካከላቸው 8ቱ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ። እነዚህ ዓሦች የሚመደቡበት የካርፕ ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው በመሆኑ አዳኝ መሆኑ ራሱ ያስገርማል። ይህን ስብስብ ከቀረው የዓባይ ውሃ የለየው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው። ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታ የሚወረወረውን ውሃ ሽቅብ የሚወጣ ዓሣ ስለሌለ፣ ከላይ የቀሩት በሐይቁ ውስጥ በአፋቸው ቅርጽም በአመጋገባቸውም እየተለያዩ ሄዱ።

በዓለም ላይ የዚህ አቻ የነበረው የፊሊፒንስ ላናዎ ሐይቅ ነው። በዚያ የነበሩት የካርፕ ዝርያዎች ከውጭ በገቡ ዓሦችና ልክ ባጣ ማጥመድ ከጥቂቶቹ በስተቀር ጠፍተዋል። ጣና ብቻውን የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

የፎገራ ሜዳ ከዚህ ታሪክ ጋር የሚገናኘው በርብና በጉማራ ነው። ሁለቱም ከጉና ተራራ ይነሣሉ፤ በወረታ ዙሪያ ያለውን ለጥ ያለ ሜዳ አቋርጠውም ጣና ይገባሉ። ከነጭ ዓሦች ቢያንስ 7ቱ ዕንቁላላቸውን የሚጥሉት በሐይቁ ሳይሆን በእነዚህና በመሰሎቻቸው ወንዞች ነው። ክረምቱ ሲገባ የደረሱት ዓሦች በወንዞቹ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜም ሽቅብ ይጓዛሉ። የሚሄዱት የሜዳውን ጭቃማ ውሃ አልፈው፣ ጠጠር ያለበትና ጥርት ያለ ውሃ የሚወርድባቸው ገባር ወንዞች ድረስ ነው። ዕንቁላሉ አየር ያለው ውሃ በጠጠሩ መካከል ካላለፈበት ወይም ደለል ከሸፈነው ይሞታል። የተፈለፈሉት ጫጩቶች በኋላ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። እንግዲህ ወደ ወንዝ የሚወጣው የጣና ነጭ ዓሣ ሁለት አገር ያለው ነው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ሲዘጋ አንዱ ብቻውን አያኖረውም።

ስለ ጣና ግድብ ሲነሣ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚያስበው የመብራቱን ነው። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ኃይሉ ከ12 ሜጋዋት አይበልጥም ነበርና ሐይቁን ብዙም አልነካውም። ለውጡ የመጣው በ1988 ዓ.ም. ከባሕር ዳር አጠገብ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ፣ የጨረጨራ በሮች ሲተከሉ ነው። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋዋት የሚሰጠው ሁለተኛው ጢስ ዓባይ ተጨመረ። ግንቦት 2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ። ይህኛው ውሃውን ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ወስዶ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ወደ በለስ ያወርዳል፤ አቅሙም 460 ሜጋዋት ነው። በእነዚህ ሥራዎች ፏፏቴው መክሳቱ ብዙ ተወርቷል። ለዓሣው ግን ፏፏቴው ድሮም የተዘጋ በር ነው። ለእርሱ የሚቆጠረው የሐይቁ ከፍታ ነው።

የጣና ውሃ በተፈጥሮው በበጋ ወርዶ በክረምት ማብቂያ ይሞላል፤ ልዩነቱ በዓመት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሐይቁ ጥልቅ አይደለም፤ አማካዩ 8 ሜትር ቢሆን ነው። የፎገራ ዳርቻ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ሜዳ ስለሆነ፣ ውሃው ጥቂት ዝቅ ሲል ሰፊ መሬት ይገለጣል። ቀረሶ የሚራባውና ጫጩቶቹን የሚያሳድገው በዚሁ ዳርቻ፣ በደንገሉና በሣሩ መካከል ነው። በ1995 ዓ.ም. የዝናብ እጥረትና ለማመንጫው የተለቀቀው ውሃ ተደራርበው ሐይቁ ከወትሮው በጣም ወረደ፤ ጀልባዎች መንቀሳቀስ እስኪሳናቸው ደረሰ። ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት፣ ባሕር ሸሹን፣ ገበሬ ወዲያው ያርሰዋል፤ የታረሰው ዳርቻ ደግሞ ውሃው ሲመለስ ለዓሣ መጠለያ የሚሆን ደንገል የለውም። የመብራት ኃይል ጉዳት እንዲህ በተዘዋዋሪ የሚመጣ ነው፤ በሮቹ በአግባቡ ከተያዙም ሊቀንስ ይችላል።

የርብ ግድብ ነገር ከዚህ የተለየ ነው፤ ለፎገራም የከበደው ይህ ነው። 73 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው፣ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የተሠራ ነው። መብራት አያመነጭም፤ የፎገራንና የሊቦ ከምከምን እርሻ በመስኖ ለማጠጣት የታሰበ ነው። ለዓሣ ግን ግድብ ግድብ ነው፤ ተርባይን ኖረው አልኖረው ግንቡ ያው ነው። ሽቅብ የሚጓዝ ነጭ ዓሣ ከግንቡ ሥር ሲደርስ ጉዞው ያበቃል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ለሳልሞን የሚሠሩት የዓሣ መሰላሎች በአጫጭር ግድቦች ላይ ያገለግላሉ፤ በዚህ ቁመት ላይ መሥራቱ እጅግ አዳጋች ነው፤ ዘልሎ የመውጣት ልማድ ለሌለው ዓሣ ደግሞ ይብሳል። ከግድቡ በታች ያለውም ወንዝ ይለወጣል። ዓሣው ጉዞ እንዲጀምር የሚቀሰቅሰው የክረምቱ ሙላት ነው፤ ግድብ ግን ለበጋ ብሎ የሚያስቀረው ይህንኑ ሙላት ነው። ከግድብ ጥልቅ ክፍል የሚለቀቅ ውሃ ደግሞ ቀዝቃዛና አየር ያነሰው ይሆናል።

ሙላቱ ሲቀንስ የሚጎዳው ነጭ ዓሣ ብቻ አይደለም። ሸሸርና ወለላ የሚባሉት የሜዳው ረግረጎች የሚሞሉት ርብ ሞልቶ ሲፈስስ ነው፤ አምባዛም ዕንቁላሉን ለመጣል ወደዚያ ይገባል። እውነቱን ለመናገር፣ ረግረጎቹ መጥበብ የጀመሩት ከግድቡ በፊት ነው። ሩዝ ከ1970ዎቹ ወዲህ በፎገራ ሲስፋፋ ዳርቻቸው እየታረሰ መጥቷል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውን የጎርፍ አደጋ ተከትሎም በርብ ዳር የአፈር ክትር ተሠርቷል። ቤቱንና ሰብሉን ጎርፍ ለወሰደበት ሰው የአምባዛ መራቢያ ብሎ ክትሩን መቃወም ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን የክትሩን ዋጋ ዓሣው እየከፈለ ነው።

ማጥመዱም የራሱን ድርሻ ይይዛል። ነገደ ወይጦዎችና ሌሎች የዳርቻው ሰዎች በደንገል ታንኳ፣ በመንጠቆና በትንንሽ መረብ ሲያጠምዱ ኖረዋል። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከ1978 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሲገባ ጉዳዩ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ወደ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሦች ቁጥር በአንድ ዐሥርት ዓመት ውስጥ በ75 ከመቶ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች ለክተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መንጠቆ አንድ አንድ እያለ ያወጣል፣ በወንዝ አፍ የተዘረጋ መረብ ግን ዕንቁላል የያዙትን በአንድ ሌሊት ያፍሳል። ወደ ላይ የወጡትንም በወፍጮ ድንጋይ በተፈጨ የብርብራ ፍሬ የሚያደነዝዝ አለ፤ ይህ በሕግ የተከለከለ ነው። ከወንዙ አሸዋና ጠጠር ማውጣትም ዕንቁላል የሚያርፍበትን ምንጣፍ ያነሣል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሰሜኑ ዳርቻ የታየው የእምቦጭ አረም ደግሞ ወደ ፎገራ በኩልም ተስፋፍቶ መረብ መጣያውን ሸፍኗል።

ግድብ ዓሣ አያጠፋም፣ እንዲያውም ያበዛል የሚሉም አሉ፤ ያለ ምክንያት አይደለም። ከተከዜ ግድብ ኋላ በተፈጠረው ሐይቅ ላይ የዋግና የትግራይ ወጣቶች ዓሣ አጥምደው ይተዳደራሉ። ግን በእንዲህ ያለው ውሃ የሚበዛው ቀረሶና አምባዛ፣ ከነጭ ዓሦችም በመላ ኢትዮጵያ የሚገኘውና ለኑሮው የማይመርጠው ኢንተርሚዲየስ ነው። መንጠቆ ጥሎ ለራት የሚያወጣ ሰው ልዩነቱን ላያየው ይችላል። የጣና ብቻ የሆኑትና በወንዝ የሚራቡት አዳኝ ዓሦች ግን በቆመ ውሃ ሊተኩ አይችሉም።

በተገደበ ወንዝ ላይ ሊደረግ የሚችለው በአብዛኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። ዓሣው የሚወጣበት ወቅት የሚታወቅ ስለሆነ፣ በነሐሴና በመስከረም ለወንዙ የሚለቀቀውን ውሃ ለሙላት በሚመጥን መጠን ማድረግ፣ በእነዚሁ ወራት የወንዞቹን አፍ ከመረብ ነጻ ማድረግ፣ ከግንቡ በታች የቀሩትን የጠጠር ገባሮች ደግሞ ከአሸዋ ማውጫነት መከልከል ይቻላል። ውሃውን ለሩዝና ለሽንኩርት የሚፈልገው ገበሬ በእነዚህ ወራት ዝናብ ስላለው፣ የዓሣውና የእርሻው ፍላጎት የሚጋጨው ግድቡ ቶሎ እንዲሞላ ሲፈለግ ብቻ ነው።