በሁለት አኃዝ የማያልቀው አንድ አሥረኛ

አንድ ሰዓት ለሦስት እኩል ቢከፈል እያንዳንዱ ድርሻ ሃያ ደቂቃ ይሆናል፤ ቅንጣት ትርፍ የለውም። ይህንኑ 1/3 በለመድነው የነጥብ አጻጻፍ እናስፍረው ብንል ግን 0.333... እያለ ማብቂያ ያጣል። መጠኑ ያው ነው፤ የተለወጠው አጻጻፉ ነው። ሰዓትን የምንከፍለው ከጥንት ባቢሎናውያን በወረስነው የስልሳ መሠረት ሲሆን፣ በነጥብ የምንጽፈው ደግሞ በአሥር መሠረት ነውና።

መሠረት የሚባለው ከአንድ ቤት ወደሚቀጥለው ቤት ስንሻገር ዋጋው በስንት እንደሚባዛ የሚወስነው ቁጥር ነው። በአሥር መሠረት ከነጥቡ በስተቀኝ ያሉት ቤቶች 1/10፣ 1/100፣ 1/1000 እያሉ ይወርዳሉ፤ ኮምፒውተር በሚጠቀምበት በሁለት መሠረት ግን 1/2፣ 1/4፣ 1/8 ናቸው። አንድ የተቃለለ ክፍልፋይ በነጥብ ሲጻፍ የሚያልቀው፣ ታህቱን ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ መሠረቱንም ሲያካፍሉ ብቻ ነው። 3 ስልሳን ያካፍላል፤ አሥርን አያካፍልም። በተመሳሳይ 10 የ2 እና የ5 ብዜት ነው፤ 5 ደግሞ 2ን አያካፍልም። ስለዚህ 1/10 በሁለት መሠረት ፈጽሞ አያልቅም።

እስቲ እንሞክረው። 0.1ን በ2 ደጋግመን እናባዛና ከነጥቡ በስተግራ የሚገኘውን አኃዝ እየመዘገብን እናስወግደው። 0.2፣ 0.4፣ 0.8፣ 1.6 እናገኛለን፤ ከዚያም የ0.6 እጥፍ 1.2 ነው። የቀረው 0.2 ስለሆነ ወደ ኋላ ተመልሰናል ማለት ነው። ውጤቱም 0.000110011... ሲሆን 0011 ያለ ማቋረጥ ይደጋገማል።

ኮምፒውተር ማለቂያ የሌለው አኃዝ የሚያኖርበት ስፍራ የለውምና ይቆርጠዋል። የዚህ ቁርጥራጭ ዋጋ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ወቅት ታየ። የካቲት 18 ቀን 1983 ዓ.ም. በሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን ከተማ የነበረው የፓትሪዮት ፀረ ሚሳኤል ጣቢያ ከኢራቅ የተተኮሰውን ስከድ ሚሳኤል ማክሸፍ ተሳነው። ሚሳኤሉ የጦር ሠፈር መትቶ 28 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ።

የጣቢያው ኮምፒውተር ጊዜን በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ይቆጥር ነበር፤ ቆጠራውን ወደ ሴኮንድ ለመመለስም በ24 ቢት በተቆረጠ 1/10 ያባዛው ነበር። በአንድ ቆጠራ የሚጎድለው 0.000000095 ገደማ ነው። ጣቢያው ግን 100 ሰዓት ያህል ሳይጠፋ ሠርቶ ስለነበር 3,600,000 ያህል ቆጠራ ተከማችቶ ጉድለቱ 0.34 ሴኮንድ ደረሰ። በሴኮንድ 1,676 ሜትር የሚምዘገዘግ ሚሳኤል በዚህች ቅጽበት ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ራዳሩም ሚሳኤሉ በሌለበት ስፍራ ፈለገው።

ችግሩ አስቀድሞ ታውቆ ነበር። ከአራት ቀን በፊት ለተጠቃሚዎች በተላከው መልእክት «በጣም ረጅም» ጊዜ ማሠራት እንደሚጎዳ ተገልጿል፤ ስንት ሰዓት «በጣም ረጅም» እንደሚባል ግን አልተነገረም። የታረመው ፕሮግራም ዳህራን የደረሰው በማግስቱ ነበር።

ሰዓቱ ቆጠራውን አልሳተም። ኮምፒውተሩ ጊዜን በ1/8 ሴኮንድ ቆጥሮ ቢሆን ኖሮ፣ 1/8 በሁለት መሠረት 0.001 ብቻ ስለሆነ የሚቆረጥ አይኖርም ነበር። ለአሥር ጣታችን የተመቸው አንድ አሥረኛ ለኮምፒውተሩ አልተመቸውም። አንባቢ ሆይ፣ ፕሮግራም መጻፍ የምትሞክር ከሆነ 0.1 እና 0.2ን አስደምርና ውጤቱን እስከ መጨረሻው አኃዝ አትመው፤ በብዙዎቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች የምታገኘው 0.3 ሳይሆን 0.30000000000000004 ነው።