ታንጎ፦ በዓይን የሚጠየቅ ዳንስ

ታንጎን የተዋወቅኩት በስልኬ ነው። መጀመሪያ የማረከኝ የመድረኩ ትርኢት ነበር፤ በልምምድ የተቀነባበረ፣ እግር ከእግር የሚጠላለፍበት።

ልቤን የወሰደው ግን የቦነስ አይረስ «ሚሎንጋ» ነው። በእነዚህ የዳንስ ምሽቶች እርምጃው እዚያው በዚያው ይፈጠራል። ግብዣውም በዓይን ነው፤ «ካቤሴዮ» ይሉታል። ከሩቅ ታያላችሁ፣ ራስ ትነቀንቃላችሁ። የፈለገ መልሶ ይነቀንቃል፤ ያልፈለገ ዓይኑን ዞር ያደርጋል። አለቀ! ማንም አያፍርም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድሆች፣ ስደተኞችና የአፍሪካ ባሮች የልጅ ልጆች የፈጠሩትን ይህን ዳንስ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 በቅርስነት መዝግቦታል።

ኢኮኖሚክስ ስማር ጥሩ ግብይት ሁለቱም ወገን የፈቀዱት ነው ተብያለሁ። እኛ ጋ ጭፈራ ቤት ግን እጅ መጎተት እንደ ግብዣ ይቆጠራል። እስቲ ቅዳሜ ማታ እጅ ከመያዛችሁ በፊት በዓይን ጠይቁ። «አይ» ከተባላችሁም ፈገግ ብላችሁ ተመለሱ።